ያልገጠመው ክርን

አንድ አረጋዊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማኅሌት የቆሙ፣ በቀኝ እጃቸው ጸናጽል ይዘው ያሸበሸቡ ሰው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ዝናብ ያራሰው ደረጃ አዳለጣቸውና በቀኝ ክርናቸው ወደቁ። ክርናቸው ተሰበረ።

ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ "አባባ፣ ቀዶ ጥገናው ይቅርብዎት" አላቸው።

ልጃቸው ስንዱ ቱግ አለች። "ስላረጀ ነው? ጎረምሳ ቢሆን ትተወው ነበር?"

ሐኪሙ አልተቆጣም። "ጎረምሳ ቢሆን በሽቦ አስረው ነበር። የእሳቸው አጥንት ሳስቷል፣ ሽቦውን ላይዝ ይችላል። ቆዳቸውም ስስ ነው፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። እጃቸው ለጥቂት ጊዜ ከአንገታቸው በጨርቅ ይንጠልጠል፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱት።"

ስንዱ ግን አባቷን ወዳ አትጠግብም! "አባዬ፣ እንዳትነቃነቅ" እያለች እጃቸውን በነጠላ ጠፍራ አሰረች፤ እያጎረሰች አከረመቻቸው። ለቀጠሮው ሲሄዱ ክርናቸው ደርቆ አልታጠፍ አለ። ሽማግሌው በሆዳቸው፣ "ጸናጽሌን ዳግም ላላነሳት ነው" እያሉ ያለቅሱ ነበር።

ሐኪሙ፣ "እህቴ፣ ያሰረው ፍቅርሽ ነው፤ አሁን ፍቺላቸው" አላት።

ትግሉ ተጀመረ። መጀመሪያ እጃቸው ጢማቸው ላይ መድረስ አቃታት። እያመማቸው፣ እያቃሰቱ አለማመዷት። የደብራቸው ዓመታዊ በዓል ሲደርስ ከካህናቱ መሐል ቆሙ፤ ጸናጽሏም ተነሳች! ከድሮው ዝቅ ብላ፣ ግን ተነሳች። ስንዱ እልልታዋን መጨረስ አቅቷት ተንሰቀሰቀች።

ከበዓሉ በኋላ ደግመው ራጅ ተነሱ።

"ገጠመ?" አሉ ሽማግሌው።

"አልገጠመም፣ አባባ። እንደተለያየ ነው።"

"ታዲያ ማን ነው የሚያነሳው?"

"በዙሪያው ያሉት ጅማቶች ይዘውታል።"

ራጁን ትክ ብለው አዩት። ክፍተቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዚያችው እጃቸው አማተቡ።

ምእመናን፣ ይህ አያስገርምም? ያልገጠመ አጥንት፣ የምታመሰግን እጅ!

ከመካከላችን ልጁን የቀበረ አለ። ትዳሯ የፈረሰባት አለች። "ልቤ ይጠገንና እመጣለሁ፤ እንደ ድሮዬ ልሁንና አገለግላለሁ" ትላላችሁ። እስከ መቼ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዳንዱ ስብራት አይገጥምም። እግዚአብሔርስ "ግጠሙና ኑ" ያላችሁ መቼ ነው? እናንተ ጤነኞቹስ፣ አጠገባችሁ ያለውን ስብር ሰው እንደ ጅማቶቹ ይዛችሁታል?

በሉ፣ እጃችሁን አንሱ። እስከምትደርስበት ድረስ አንሷት።