ተመልካች ዝም እንዲልለት የተመኘ ደራሲ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የፊልም ደራስያን ስለ ሙያቸው ሊመክሩ በተሰበሰቡበት ጉባኤ መካከል ተነሥቶ ምሳሌ መናገር ትልቅ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ፤ ያውም ሻይ እንኳ ሳይቀርብ። ቀጥተኛ መልስ ብሰጥ እመርጥ ነበር። ነገር ግን መልሱን ስለማላውቀው ምሳሌ ለመናገር ተገድጃለሁ። ወጣቷ ደራሲ፣ ልጄ አዜብ፣ «ጋሼ፣ እንዲያለቅሱ ብዬ በጻፍኩት ቦታ ላይ ተመልካቾች ለምን ይጮሃሉ? ምን አለ ዝም ብለው ቢያዩልኝ?» ብላ ጠይቃኛለች። ስትጠይቀኝ እንባ እየተናነቃት ነበርና የምሳሌው ነውር በእኔ ላይ ይሁን።

አንድ ሰው ነበረ። የፊልም ድርሰት ይጽፍ ነበር። ሚስት ነበረችው፤ ሄደች።

እንዴት እንደሄደች ልንገራችሁ፤ አጭር ነው። አርባ ምንጭ ሥራ አገኘችና «ምን ትላለህ?» ብላ ጠየቀችው። «እስቲ ላስብበት» አላት። እያሰበበት ሳለ የመሄጃዋ ቀን ደረሰ። ሻንጣዋን አንሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። አንድ እጇን የበሩ እጀታ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ ዝም ብላ ቆመች። ሰውዬው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። አንድ ቃል ቢወጣው እንደምትዞር አላጣውም። ግን ደራሲ ነውና የሚናገረውን በልቡ ያርም ጀመር። «አትሂጂ» ሊል ያስብና፣ ይሄማ በየፊልሙ የተባለ ነው ብሎ ይሰርዘዋል። ሌላ ያስብና፣ ረዘመ ብሎ ይተወዋል። የተሻለ ቃል ሲፈልግ በሩ ተዘጋ።

ሌላ ሰው ቢሆን ተከትሎ ይሮጥ ነበር። እሱ ተቀመጠና ጻፈው።

በፊልሙ ውስጥ ሰውዬው ሐኪም ሆነ። ቤቱም ፎቅና ደረጃ ያለው ቪላ ሆነ፤ ሴትዮዋም ሊዲያ ተባለች። ይህን ሁሉ ያስጨመረው ወጪውን የቻለው ባለሀብት ነው። ከእውነቱ የተረፈው የበሩ፣ የመቆሟና የዝምታው ነገር ብቻ ነበር፤ ደራሲውም ለዚያ ሲል ሌላውን ሁሉ ቻለው። ምኞቱ አንድ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ፣ ሊዲያ በሩ ላይ ስትቆም፣ ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ዝም እንዲልለት። ያ ሁሉ ሰው አብሮት ዝም ካለ፣ ያን ቀን ዝም ማለቱ ጥፋት መሆኑ ቀርቶ ሐዘን ብቻ ይሆንለታል ብሎ ተስፋ አደረገ።

ፊልሙ በወጣበት እሑድ መካከለኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ሊዲያ በሩ ላይ ቆመች። ወዲያው ከኋላ አንድ ጎረምሳ «አንተ! ጥራት እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«ዶክተሩ ምላሱን ለበሽተኛ ሰጥቶ ነው!» አለ ሌላው።

አዳራሹ አውካካ።

ደራሲው እየተቃጠለ ወደ ጓደኞቹ ሄደ። እነሱም እንደ እናንተው የተማሩ፣ ተመልካችን በወጉ መናቅ የሚያውቁ ደራስያን ነበሩና ነገሩን በጥሞና መረመሩለት።

«ዝናብ የለውማ!» አለ አንደኛው። «ሰው ዝናብ ሲያይ ይተክዛል።»

በሚቀጥለው ፊልም ያችው ሴት ያው በር ላይ ቆመች፤ ውጭ ዶፍ ይወርዳል። «ዣንጥላ እንኳ ስጣት፣ አንተ ጨካኝ!» አሉ ተመልካቾቹ።

«ማሲንቆ ነው የጎደለው» አለ ሌላኛው ጓደኛው፣ ብዙ ካሰበ በኋላ። በሦስተኛው ፊልም ማሲንቆ ገባ። ማሲንቆው ሲያላዝን ሕዝቡ በጭብጨባ አጀበው፤ አንዷማ እልልታዋን አቀለጠችው። ጓደኞቹ ይህን ሲሰሙ «ሕዝባችን ገና ነው» ብለው በአንድ ድምፅ ተስማሙ። እንዲህ ያለ ስምምነት በደራስያን መካከል ታይቶ አይታወቅም።

እሱን ግን ስምምነቱ አላጽናናውም። ቤቱ ተቀምጦ ሲጽፍ፣ በረንዳው ላይ የሴት ኮቴ ከሰማ ብዕሩን ያስቀምጣል። ኮቴው ያልፋል። ብዕሩን ያነሣል።

ሦስተኛው ፊልም ከሲኒማ ቤቱ ሊወርድ በነበረበት እሑድ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር ብሎ ገባ። አጠገቡ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ፈንዲሻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሊዲያ ሻንጣዋን ስታነሣ ጀምሮ ሴትዮዋ መቁነጥነጥ ጀመሩ። በሩ ላይ ስትቆም ግን አልቻሉም።

«ኧረ ቆማልሃለች! ኧረ ተናገር፣ አንተ ግንድ!»

ደራሲው ጎንበስ ብሎ «እናቴ፣ ይህ ቦታ በዝምታ የሚታይ ነው። እባክዎ ዝም ይበሉ» አላቸው።

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከፊልሙ ላይ አላነሡም። «እሱ ዝም፣ አንተ ዝም፣ እኔ ዝም! ታዲያ ማን ይጥራት?»

ቀና ብሎ አዳራሹን ሲያይ፣ ሰዉ ከየወንበሩ እየተነሣ ነው። «ጥራት! ኧረ ጥራት!» ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሳቁን ብቻ ነበር የሰማው። አሁን ግን ከጎኑ ያሉት ሴትዮ ከልባቸው ጨንቋቸው ፈንዲሻው ከጭናቸው ሲረግፍ አየ። የማያውቋትን ሴት ልጅ ሊያስቀሩለት ይለፉ ነበር። ሊዲያ እጀታውን ጠመዘዘች። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ የጻፈው እሱ ነው።

ተነሣ። ቃል አልመረጠም።

«ይርገዱ!» ብሎ ጮኸ። «ይርገዱ፣ አትሂጂ!»

በፊልሙ ውስጥ ይርገዱ የምትባል ሴት የለችም። ይጮህ የነበረው ሁሉ አፉ ውስጥ የቀረውን ዋጠ፤ የሚያጨበጭበውም እጁ አየር ላይ ቀረ። ማሲንቆው ብቻውን ሆነ። ሦስት ፊልም ሙሉ የደከመለት ዝምታ ያን ጊዜ መጣ። ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። እሱ ግን ልብ አላለውም፤ በሩን እያየ ነበር። ሊዲያ እንደተጻፈላት ወጣች፤ በሩም ተዘጋ።

ሴትዮዋ እጁን ይዘው አስቀመጡት። «ትሰማሃለች፣ ልጄ» አሉት።

አልሰማችውም። አርባ ምንጭ ሩቅ ነው።

እንግዲህ ልጄ አዜብ፣ ያ ሰው አንቺን ይመስላል። አንቺም ሳትናገሪ የቀረሽውን ነገር ይዘሽ ትመጪና፣ ሰው ሁሉ በጨለማ ተቀምጦ አብሮሽ ዝም እንዲል ትመኛለሽ። ተመልካች ግን ዝም ለማለትማ ቤቱ ተቀምጦም ይችል ነበር። የሚጮኸው አንቺ የዋጥሽውን ቃል ሊያወጣልሽ ነው። ስለዚህ ሲጮሁብሽ ጆሮሽን አትድፈኚ፤ ምን እንደሚሉ ስሚ፤ ለማን ልትይው የነበረ ቃል እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። በእርግጥ ድርሰቱ መጥፎ ሆኖም ሊሆን ይችላል፤ እሱንም አንርሳ።

አሁን ሁላችሁንም አንድ ነገር ልለምን። ያ ሰው ዛሬም እሑድ እሑድ ሲኒማ ቤት ይገባል፤ ፊልሙ የማንም ይሁን ግድ የለውም። መለያየት ሲመጣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው «ጥራት! ጥራት!» ሲል ያዳምጣል። ይህን ታሪክ ብታወሩት ሰዉ ያዝንለትና፣ እሱ በተቀመጠበት ሁሉ በጨዋነት ዝም ይላል። በእናታችሁ፣ ለማንም እንዳትናገሩ።