አያ ጅቦ የአህያ ዋስ የሆነ ጊዜ

አንድ ጊዜ፣ ሣሩ ሁሉ በደረቀበት የበጋ ወራት፣ ከርከሮ አህያን እየነዳ አንበሳ ለዳኝነት ከሚቀመጥበት ዋርካ ሥር ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ይቺ ሆዳም የወንዝ ዳር መስኬን ግጣ ጨረሰችብኝ!» ሲል ከሰሰ።

«እኔ? በዚያ በኩል አልፌም አላውቅ!» አለች አህያ።

አንበሳ አዛጋ። «ዛሬ ርቦኛል፤ በባዶ ሆድ አልፈርድም። ነገሩን በሚመጣው የገበያ ቀን አየዋለሁ። እስከዚያ ዋስ ጥሪ፤ ካጣሽ ከዚህ ግንድ ጋር ትታሰሪያለሽ።»

አህያ ዙሪያዋን ብትቃኝ ለችሎቱ የተሰበሰቡት እንስሳት ሁሉ አቀረቀሩ። ድንገት ጅብ እየተጋፋ መጣ። ስለ ዋስ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዋስ የሆነ ሁሉ ተከሳሹን ይዞ ሲሄድ አይቷል።

«እኔ ዋሷ ነኝ! አንበሳ ይሙት!» ብሎ ማለ።

አህያ ወደ ግንዱ ሸሸች። «ኧረ ጌታዬ፣ ብታሰር ይሻለኛል!»

ከጎኗ የቆመው ቀበሮ ጆሮዋን ሳብ አደረገ። «ዝም በይ፣ እትዬ። ከእሱ የተሻለ ዋስ አታገኚም።»

ከዋርካው ራቅ እንዳሉ ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ከየት ልጀምርሽ? ከጭንሽ ወይስ ከጉበትሽ?»

«አያ ጅቦ!» ሲል ቀበሮ ከኋላ ደረሰበት። «ለመሆኑ ዋስ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«እንዴት አላውቅም! የተከሰሰውን ወስዶ የሚበላ ነዋ!»

«ተሳስተሃል። ዋስ ማለት ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን እንዲቀርብ ኃላፊነት የወሰደ ነው። ተከሳሹ ከቀረ ዋሱ በእግሩ ይገባል።»

«የት ነው የሚገባው?»

«አንበሳ አፍ ውስጥ።»

ጅብ የከፈተውን አፍ ቀስ ብሎ ገጠመ።

ከዚያ ወዲያ አያ ጅቦ ዕረፍት አጣ። አህያ ስትግጥ ዙሪያዋን ይዞራል። ዘመዶቹ ጠጋ ሲሉ «ወግዱ! ዋሷ ነኝ!» እያለ ጥርሱን ያሳያቸዋል። ስታስነጥስ ደግሞ ልቡ ትጠፋለች።

«እመት አህያ፣ ብርድ መታሽ እንዴ?»

«ኧረ ውሃ ጥም ነው መሰለኝ» ትለዋለች። እየተነጫነጨ ወንዝ ያወርዳታል።

የገበያው ቀን ደረሰ። ከርከሮ ምስክር ቢጠየቅ አንድም አልነበረውም። አንበሳም «ከሳሽ ክሱን ካላስረዳ፣ ተከሳሽ ነጻ ናት» ሲል ፈረደ።

አህያ ልትፈነጥዝ ስትል ጅብ ከንፈሩን ሲልስ አየችው። እሷ ነጻ ከወጣች የእሱም ዋስትና አበቃ ማለት ነው! ሮጣ ከቀበሮ ጀርባ ተሸሸገች።

ቀበሮም አይቶ ኖሮ ወደ ከርከሮ ተጠጋ። «ይግባኝ በል እንጂ፣ ጌታው! ፍርዱ ካልተስማማህ የበላይ ዳኛ እንደገና እንዲያየው መጠየቅ መብትህ ነው።»

«ይግባኝ!» ብሎ ጮኸ ከርከሮ።

«መልካም» አለ አንበሳ። «የበላይ ዳኛው ዝሆን ከወንዝ ማዶ ነው፤ ነገር የሚሰማውም ክረምት ሲወጣ ነው። እስከዚያ ዋስትናው እንደጸና ይቆያል።»

ተከሳሿ ጆሮዋን አቁማ ፈነጠዘች፤ ዋሷ ግን ተደፍቶ አለቀሰ። በመጨረሻ እንባውን ጠርጎ ተነሣ።

«ነይ እንግዲህ እንሂድ» አላት፤ «ደግሞ እንዳትታመሚብኝ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ትርጉሙን ባልጠየቀው ቃል የማለ ሁሉ ሊበላው የጓጓለትን ሲጠብቅ እንደሚከርም ነው።