ለሥልጠና ያልተላከችው ሠራተኛ

አንድ ርዕሰ መምህር ነበረ። ገና ጥያቄህን ሳትጨርስ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። «የወረዳው ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ከትምህርት ቤቴ ሠራተኞች ሁሉ የምትበልጠውን ለሥልጠና ልልቀቃት ወይስ ሥራው እንዳይበደል ላስቀራት?» አልኸኝ። እንግዲያው ስማ።

ይህ ሰው የሚመራው ትምህርት ቤት በወረዳው ውስጥ ትልቁ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በኋላ ስትፈርድበት እንዳትቸኩል ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። በመዝገብ ቤቱ አስካለ የምትባል ሴት ትሠራ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ውጤቱን ፈልጎ ቢመጣ፣ የአባቱን ስም ብቻ ጠይቃ፣ ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ ማኅደሩን ታወጣለታለች። መሸኛ የምትጽፍ እሷ፣ የተማሪውን ቁጥር ለወረዳው የምትልክ እሷ፣ መምህራን የጣሉትን ደብዳቤ ፈልጋ የምታገኝ እሷ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። የዚህ ሰው ግን ከዚያም ይብሳል፤ ወርቅ መሆኗን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ወረዳው በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ልክ ምዝገባ በሚጀመርበት ሰሞን፣ «ለሦስት ሳምንት የመዝገብ አያያዝ ሥልጠና አንድ ሠራተኛ ላኩ» የሚል ደብዳቤ ይልካል። በመጀመሪያው ዓመት አስካለ ራሷ ጠየቀችው።

«መምህር፣ እኔ ብሄድስ?»

«አንቺ ከሄድሽማ ትምህርት ቤቱን ዘግተን ወደየቤታችን ነዋ!» አላት እየሳቀ።

እሷም ሳቀች። ምስጋና መስሏት ነው፤ ደግሞም ምስጋና ነበር።

ታዲያ ማን ይሂድ? በዕቃ ግምጃ ቤቱ አንድ ሠራተኛ ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ ጠመኔና ወረቀት ለማደል በሩን ይከፍታል፤ የቀረውን ጊዜ ፀሐይ ይሞቃል። ቢኖርም ባይኖርም የሚጎድል ነገር የለም። እሱ ተላከ። የምስክር ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ አስካለ ተቀብላ በግል ማኅደሩ ውስጥ አስቀመጠችለት።

በሁለተኛው ዓመትም እንዲሁ ሆነ። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ለሥልጠና የሚላከው ብዙ ጊዜ ሥልጠናው የሚያስፈልገው ሰው አይደለም፤ ለመሥሪያ ቤቱ የማያስፈልገው ሰው ነው። ይህን ስናገር እናደዳለሁ፤ እኔም በሹመት ዘመኔ አድርጌዋለሁና።

በሦስተኛው ዓመት አስካለ አልጠየቀችም። የመላኪያውን ደብዳቤ አዘጋጅታ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሰው ስም ጽፋበት፣ ለፊርማ አቀረበችለት።

«ይህን ጻፊ ብሎ ማን አዘዘሽ?» አላት።

«ማንም አላዘዘኝ። የሚሉትን ስለማውቀው ነው። እምቢ ለማለት እንዳይቸገሩ ብዬ።»

ርዕሰ መምህሩ እስክሪብቶውን አነሣ። በመስኮቱ ለምዝገባ የመጣው ወላጅ ሰልፍ ይታየዋል። ፈረመ።

በዓመቱ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ አወጣ። የመላው ወረዳ ትምህርት ቤቶች መዝገብ ኃላፊ ይፈልጋል። አስካለ በአንድ ደረጃ ላይ አሥራ አራት ዓመት የቆየች ሴት ናት፤ ይህ ቦታ እንደገና እንደማይመጣላት ታውቃለች። ማመልከቻዋን አስገባች። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውም አመለከተ። ርዕሰ መምህሩ ከመራጮቹ አንዱ ስለነበረ ሊሟገትላት ቆርጦ ሄደ።

ሁለቱ ማኅደሮች ተከፈቱ። በሰውዬው ማኅደር ውስጥ ሦስት የሥልጠና ማስረጃ ተገኘ። በአስካለ ማኅደር ውስጥ የቅጥር ደብዳቤዋና ስድስት የምስጋና ደብዳቤ፤ ስድስቱም በርዕሰ መምህሩ ፊርማ።

«ይህችን ሴት የሚተካ የለም!» ብሎ ተነሣ።

«የምስጋና ደብዳቤ ነጥብ አያሰጥም መምህር» አሉት ሰብሳቢው። «ይህን ያህል የሚያውቋት ከሆነ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለምን አልላኳትም?»

ተመልሶ ተቀመጠ። ቦታው ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ሆነ።

በማግስቱ ወደ መዝገብ ቤቱ ገባ። ለወትሮው ከበር ሆኖ ነበር የሚያዛት፤ ያን ቀን ግን ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ውጤቱን ሰምታለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«በድዬሻለሁ፤ ምን ላድርግልሽ?» አላት።

«ምንም» አለችው። «ብቻ ከእንግዲህ የምስጋና ደብዳቤ አይጻፉልኝ።»

አየህ ልጄ፣ አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። ሠራተኛህን ትወዳታለህ፤ የምትወደው ግን ለአንተ የምታቀልልህን ሸክም ነው። ጎበዝ ነው ብሎ በሬውን ከነቀንበሩ የሚያሳድር ገበሬ አይተህ ታውቃለህ? በሬውን እንኳ ይፈቱታል። አሁን ደብዳቤው በኪስህ ውስጥ ነው፤ ቀኑም አላለፈም። ስሟን ጻፍና ፈርም። ማኅደር ይጠፋብሃል፣ ወላጅ ይቆጣሃል፣ ወረዳው ይጨቀጭቅሃል። እሷ ይህን ሁሉ ዓመት ችላልሃለች፤ አንተ ሦስት ሳምንት ቻልላት።