ሰፊ አፍንጫ የፈለገው ፔዳል

ተረቴ ባለ ሁለት ጎማ ናት፤ እየገፋችሁ ስሙኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ እግሯ ፔዳል ላይ ቀጭ ብሎ እንዲቆለፍላት። እሁድ የብስክሌት ክለቡ አዲስ ልጆች ይመርጣል፤ አሰልጣኙም "እግሩ ያልተቆለፈ አይሰለፍም" ብለዋል። ያላት ብስክሌት የአጎቷ የጋሽ ሞላልኝ አሮጌ የውድድር ብስክሌት ብቻ ነው። ከጫማ ሥር ታስሮ ፔዳሉ የሚነክሰው ፕላስቲክ፣ ክሊት የሚሉት፣ አልቆ ተሰባብሮ ስለነበር ከሱቅ አዲስ ገዛች። የድሮው ባለ ሦስት ብሎን ነበር፤ አዲሱም ባለ ሦስት ብሎን ነው። ጫማው ላይ ልክክ አለ። ፔዳሉን ስትረግጠው ግን ተንሸራተተ።

"አንተ ፔዳል፣ ክሊቱን ያዘው እንጂ" አለችው።

"አልይዝም" አለ ፔዳሉ። "ብሎኑን አትቁጠሪ፣ አፍንጫውን፣ የፊት ጫፉን፣ እዪ። የእኔ ክሊት አፍንጫው ሰፊ ነው። ይሄ ጠባብ አፍንጫ የዘንድሮ ልጅ ነው፤ አላውቀውም።"

"እንግዲያው ውረድና ሌላ ፔዳል ልግጠም።"

"እኔንና የተገጠምኩበትን ክንድ፣ ክራንኩን፣ ዝገት አጋብቶናል። አንፋታም።"

ትርንጎ ወደ ባለሱቁ ወደ ይርዳው ሄደች። "ይርዳው፣ ፔዳሉ አልይዝም አለ። ሰፊ አፍንጫ ስጠኝ።"

ይርዳው ክሊቱን አገላብጦ ሳቀ። "ሦስት ብሎን ስላየሽ ነው የገዛሽው? ሦስት ጉልቻ ሁሉ ያንቺን ድስት ይችላል? ሰፊውን አላመጣም፤ ዘመኑ አልፏል። ጋሽ ዳምጤ ቤት፣ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ጥንድ አለ።"

ጋሽ ዳምጤ በወጣትነታቸው ከአጎቷ ጋር ይወዳደሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ሄደች። "ጋሽ ዳምጤ፣ ፔዳሉ አልይዝም አለ፤ ይርዳው አላመጣም አለ። ሣጥንዎን ይክፈቱልኝ።"

"አልከፍትም" አሉ ጋሽ ዳምጤ። "እልፍነሽ ባለቤቴ ስትሞት አገር ሁሉ ድንኳኔ ገባ። ሞላልኝ አልገባም። መጀመሪያ እሱ ለቅሶ ይድረስ።"

ትርንጎ ወደ አጎቷ ተመለሰች። "ጋሼ፣ ፔዳሉ አልይዝም አለ፤ ይርዳው አላመጣም አለ፤ ጋሽ ዳምጤ አልከፍትም አሉ። ለቅሶ ይድረሱልኝ።"

ጋሽ ሞላልኝ አቀርቅረው መለሱ። "እግሬ አልሄድም አለ፣ ልጄ። የዳምጤን ቸርኬ ተውሼ አጣምሜበት ተቀያይመን ነበር። እልፍነሽ የሞተች ቀን ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ፣ ብዙ ዓመትም አለፈ። አሁን በየት በኩል ልግባ? ሀፍረቴ አለቅህም አለ።"

ትርንጎ ጓዳ ገባች። የአጎቷ ሚስት እትዬ ምንትዋብ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። "እትዬ፣ ፔዳሉ አልይዝም አለ፤ ይርዳው አላመጣም አለ፤ ጋሽ ዳምጤ አልከፍትም አሉ፤ የጋሼ እግር አልሄድም አለ፤ ሀፍረታቸው አለቅም አለ። እርስዎ ይንገሯቸው።"

"አልነግርም" አሉ እትዬ ምንትዋብ። "ያኔ ነግሬው አፌ ደክሟል።"

ትርንጎ እዚያው ቆመች። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። "ፔዳሉ አልይዝም አለ፤ ይርዳው አላመጣም አለ፤ ጋሽ ዳምጤ አልከፍትም አሉ፤ የጋሼ እግር አልሄድም አለ፤ ሀፍረታቸው አለቅም አለ፤ እርስዎም አልነግርም አሉ። እንግዲህ ማን ቀረኝ?"

እትዬ ምንትዋብ ቢላዋውን አስቀመጡ። ጋቢውን አንስተው ከጓዳ ወጡና በባላቸው ትከሻ ላይ ጣሉት።

"ከነሀፍረትህ ሂድ" አሏቸው። "ለቅሶ ቤት ሀፍረት አይከለከልም።"

ያኔ ሀፍረት ለቀቀ። እግር ሄደ። ጋሽ ሞላልኝ የጋሽ ዳምጤ በር ላይ ሲደርሱ "እልፍዬ፣ እህቴ" ብለው ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን አለቀሱ። ጎረቤት አዲስ ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን እያጣፋ ወጣ። ጋሽ ዳምጤ ተነሥተው አብረው አለቀሱ። ከዚያ ተቀመጡ።

"ዘገየህ" አሉ ጋሽ ዳምጤ።

"ዘገየሁ።"

"ያን ሳምንት በር በተንኳኳ ቁጥር አንተ ትመስለኝ ነበር። ኋላ ተውኩት።"

ጋሽ ዳምጤ ተነሥተው ሣጥኑን ከፈቱ። ሣጥኑ ክሊቱን ሰጠ፤ ክሊቱ ጫማውን ያዘ፤ ፔዳሉ ሰፊውን አፍንጫ አይቶ ነከሰው። ቀጭ።

እሁድ አሰልጣኙ ጎንበስ ብለው የትርንጎን እግር አዩና "ተሰለፊ" አሏት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጣና ዳር፣ ከመንገዱ ጠርዝ ቆመው ነበር። የመጀመሪያው ዙር ሲያልፍ ትርንጎ ከፊተኞቹ መሐል ነበረች።

"ያኔ መጥተህ ቢሆን" አሉ ጋሽ ዳምጤ፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ እንዳለ፣ "እኛም ጥቂት እንጋልብ ነበር። ጉልበታችን ገና ነበር።"

"ገና ነበር" አሉ ጋሽ ሞላልኝ።

ትርንጎ ዞራ መጣች። አላየቻቸውም፤ አቀርቅራ ትረግጣለች።