ሁለት እጅ የሚፈልገው ሰንጢ

አንድ መንገድ የሰለቸው አጋሰስ ነጂ ነበር። ስሙ አዳፍሬ ይባላል። ከቆላ ጨው እየጫነ ወደ ደጋ ገበያ መመላለስ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ መንገዱ አንድ ክንድ እንኳ አላጠረለትም። ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱን ያመዋል፣ ዳገት ሲወጣ ወገቡን ይቆርጠዋል፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ሁለቱ ተራ ይገባሉ። ሀብቱ ዳማ የሚላት አንዲት በቅሎ ናት። ሚስቱና አራት ልጆቹ የሚያድሩት በእሷ ጀርባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከበቅሎዋ ሌላ ከጎኑ የማይለይ አንድ ዕቃ ነበረው፤ አሮጌ ሰንጢ። እጀታው የወይራ እንጨት ነው። ስለቱ ከመሳል ብዛት ቀጥኗል። የማጠፊያው ምስማር ከመላላቱ የተነሳ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል፣ ጭን ላይ ጫን ሲያደርጉት ይታጠፋል። አዳፍሬ በዚህ ሰንጢ የጆንያ አፍ ይተረትራል፣ የተንዘላዘለ ጠፍር ይቆርጣል፣ ሲርበው ዳቦ ይገምሳል። ዳማ ቆማ መጠበቅ የማትወድ በቅሎ ስለሆነች፣ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ልጓሟን በቀኝ እጁ እንደያዘ፣ በግራው ብቻ ነው። እንዲህ መሥራትን ለምዶታል፤ ከመልመዱም የተነሳ መልመዱን ረስቶታል።

በዚያ አገር አጋሰስ ነጂዎች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። እኩለ ቀን ላይ ጭነት አራግፈው ዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጡ፣ እያንዳንዱ ሰንጢውን አውጥቶ ከዳቦው አጠገብ ያኖራል። ዳቦውን የሚቆርሰው በዕድሜ የሚበልጠው ሽማግሌ አይደለም፤ ብዙ በቅሎ ያለውም አይደለም። ያማረ ሰንጢ ያለው ሰው ነው። ልማዱን ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ጥሩ ሰንጢ የነበረው ሰው ሳይሆን አይቀርም። አዳፍሬ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ዳቦ ቆርሶ አያውቅም።

አንድ ቀን ሰንጢውን አውጥቶ ከሌሎቹ ጎን ቢያኖር፣ ባለ ሦስት በቅሎው ሽበሺ ጎንበስ ብሎ አያት።

«ጋሼ አዳፍሬ፣ ኧረ ይህችን ሴትዮ ብርድ ላይ አታውጣት! አራስ ትመስላለች።»

ሰዎቹ ሳቁ።

«ምን አራስ ትላለህ፣» አለ አንዱ፣ «አክስቱ ናት። እያት፣ ጥርስ እንኳ የላትም።»

አዳፍሬም አብሯቸው ሳቀ። የደከመ ሰው ክርክር አይወድም። ሰንጢውን አንስቶ ወደ ኪሱ መለሳት፤ ነገሩ ግን ወደ ኪስ አልገባለትም። እስከ ቤቱ ድረስ አብሮት ተጓዘ።

ሚስቱ ትርንጎ ከሰማች በኋላ፣ «ዳቦው በማንም ሰንጢ ቢቆረስ አንተ የሚደርስህ ያው ቁራሽ አይደለም ወይ?» አለችው።

«ነገሩ የዳቦው አይደለም።»

«ታዲያ የምኑ ነው?»

አዳፍሬ ሊመልስ አሰበና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። የምኑ እንደሆነ እሱም በደንብ አያውቀውም ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ በቅሎዋን ለትርንጎ አስይዞ፣ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ወደ አንጥረኛው ዳስ ሄደ። አንጥረኛው የሸመገለ ሰው ነው፤ ሲናገር ከሥራው ቀና አይልም። ሰዎች ይህን እንደ ኩራት ይቆጥሩበታል። እውነቱ ግን አንገቱን ስለሚያመው ነበር።

«ምን ልትቆርጥበት ነው?» አለ አንጥረኛው።

«ያገኘሁትን ነዋ፣ አባቴ።»

«ትናንት ምን አገኘህ?»

አዳፍሬ ትናንት የቆረጠው የጆንያ ሲባጎ ነበር። ይህን መናገር አሳፈረው። «ነብር ቢመጣስ?» አለ።

«መጥቶ ያውቃል?»

«እስካሁን አልመጣም።»

«ስንት ዓመት?»

«ሃያ ሁለት።»

«እንግዲህ ነብሩም ደክሞታል ማለት ነው፣» አለ አንጥረኛው፣ ሰንጢዎቹንም በቁርበቱ ላይ ዘረጋለት።

ከሁሉ መካከል አንዱ የአዳፍሬን ዓይን ያዘ። እጀታው ከጥቁር የጎሽ ቀንድ የተሠራ ነው፤ ዳርና ዳሩ በናስ ተለብጧል። ስለቱ ሰፊ ነው፣ ፊት ያሳያል። አዳፍሬ አነሳው። ስለቱን የሚይዘው ሞላ ጠንካራ ነበርና ለመክፈት በአንድ እጁ እጀታውን ጨብጦ፣ የሌላ እጁን ጥፍር ከስለቱ ጎድጓዳ አስገብቶ፣ ትንፋሹን ይዞ መሳብ ነበረበት። ሲከፈት «ቀጭ» ያለው ድምፅ ደስ አሰኘው። እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ሰንጢ ዳቦ መቁረሱ አይቀርም።

አንጥረኛው ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ቀና አደረገ። «እሱ ሁለት እጅ ይፈልጋል።»

«ሁለት እጅማ ፈጣሪ ሰጥቶኛል።»

«ሰጥቶሃል። መቼ መቼ ነው ባዶ የሚሆኑልህ?»

አዳፍሬ ሁለት ባዶ እጆቹን ዘርግቶ አሳየውና ሳቀ። ሽማግሌ ወሬ ይወዳል ብሎ አሰበ። አንጥረኛውም አንገቱን መልሶ ደፋ። አዳፍሬ የአዲሱን ሰንጢ ዋጋ ከፍሎ፣ አሮጌውን በምራቂ መልክ ቁርበቱ ላይ ጥሎለት ሄደ።

በማግስቱ እኩለ ቀን አዳፍሬ ዳማን ከዛፍ አሰራት፤ ከዚህ በፊት ምሳ ለመብላት አስሯት አያውቅም። ከዚያም አዲሱን ሰንጢ ሁለት እጁን፣ አንድ ጥፍሩንና ትንሽ እርግማን ጨምሮ ከፈተው። ነጂዎቹ ሊያዩት ተጠጉ። ሽበሺ ሰንጢውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው፣ በስለቱ ውስጥ የገዛ ጥርሱን አየበት፣ መለሰለት።

«ጋሼ አዳፍሬ፣ ዛሬ ገና አጋሰስ ነጂ ሆንክ። በል ቁረስልን!»

አዳፍሬ ዳቦውን ቆረሰ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር። ደስታው ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ፤ ለአንድ ሰንጢ ትንሽ አይደለም።

በመንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ተለወጠ፤ አላስተዋለውም እንጂ። የጆንያ ሲባጎ ሲያስቸግረው በጥርሱ ይበጥሰው ጀመር። ጠፍር ሲረዝምበት እንዲያው ይጠቀልለዋል። ዳቦውን በእጁ ይገምሳል። ሰንጢው ከኪሱ የሚወጣው እኩለ ቀን ላይ፣ በቅሎዋ ስትታሰር ብቻ ሆነ። የተሳለ ሰንጢ በኪሱ ይዞ ሲባጎ በጥርሱ የሚበጥስ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት። ነገር ግን ማሰብም ጉልበት ይፈልጋል፤ ያን ያህል ጉልበት ከመንገዱ አልተረፈውም።

ከቆላው ወደ ደጋው የሚያወጣው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ይጠባል። ነጂዎቹ «ጉሮሮ» ይሉታል። በቀኝ በኩል ግድግዳ የሚመስል ዓለት ነው፤ በግራ በኩል ገደል ነው። አንድ በቅሎ ብቻ ታልፋለች፤ ከኋላ ያለው የፊተኛዋን ጭራ እያየ ይከተላል። ለአጋሰስ ነጂ ጭነት የሚታሰርበትን መጫኛ መቁረጥ ነውር ነው፤ መጫኛ ይፈታል እንጂ አይቆረጥም። ጉሮሮ ላይ ግን የአባቶች ትእዛዝ ሌላ ነው፦ በቅሎዋ ከተንሸራተተች መጫኛውን ቁረጥ፣ ጭነቱ ይሂድ፣ በቅሎዋ ትቅር።

ዝናብ እያካፋ በነበረ አንድ ጠዋት፣ ዳማ ጉሮሮ ላይ ተንሸራተተች።

የኋላ እግሮቿ ከመንገዱ ወጡ። የጨው ጭነቷ ወደ ገደሉ ጋደለና ይጎትታት ጀመር። አዳፍሬ የልጓሙን ጠፍር በቀኝ እጁ አንጓ ሁለት ዙር ጠምጥሞ፣ እግሩን ከድንጋይ አስደግፎ ያዛት። መጫኛው ከፊቱ ነበር፤ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። ከክብደቱ የተነሳ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ቋጠሮው በእጅ የሚፈታ አልነበረም። ስለት ቢነካው ግን አንድ ጊዜ ይበቃው ነበር።

«ቁረጠው!» ጮኸ ሽበሺ ከኋላ። በመካከላቸው የገዛ በቅሎዎቹ መንገዱን ዘግተውበታል። «ጋሼ አዳፍሬ፣ መጫኛውን ቁረጠው!»

አዳፍሬ ግራ እጁን ኪሱ ከተተ። ሰንጢው ወጣ። አውራ ጣቱ ለሃያ ሁለት ዓመት እንደለመደው ስለቱን ገፋ፤ ስለቱ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ገፋ። የጎሽ ቀንዱ ከዝናቡ የተነሳ ያሟልጫል። ሰንጢውን ወደ አፉ ወስዶ ስለቱን በጥርሱ ነከሰና ሳበ። ግማሽ ድረስ ተከፈተ። ከዚያ ሞላው ተመልሶ ዘጋው፤ ከንፈሩንም አብሮ ቆረጠው።

ልጓሙን ለአንድ አፍታ ቢለቅ ሁለት እጅ ይኖረው ነበር። ለአንድ አፍታ ከለቀቀ ደግሞ የሚቆረጥ መጫኛ አይኖርም። ይህን ሁሉ አሰበ። ዳማ አየችው። እሱም አያት። በዚያች ቅጽበት ሰንጢው ሊሠራለት የሚችለው ሥራ ማማር ብቻ ነበር።

የልጓሙ ጠፍር ተበጠሰ።

የአንገቷ ቃጭል ሦስት ጊዜ ተሰማ። አራተኛው አልተሰማም።

ሽበሺ በበቅሎዎቹ ሆድ ሥር ተሽሎክልኮ ሲደርስ፣ አዳፍሬ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ ተቀምጦ አገኘው። «መጫኛውን ምነው አልቆረጥከው?» አለው። አዳፍሬ ግራ መዳፉን ዘረጋ። ሰንጢው እንደተዘጋ ነው፤ ናሱ ላይ ደም አለበት። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀልድ የኖረው ሽበሺ እጁን ወደ ገዛ ኪሱ ሰደደና የራሱን ትልቅ ሰንጢ በልብሱ ላይ ዳበሰው፤ እሱም ሁለት እጅ የሚፈልግ ነበር።

አዳፍሬ በሚቀጥለው ገበያ በእግሩ ወደ አንጥረኛው ሄደ። ባለ ቀንዱን ሰንጢ ቁርበቱ ላይ አኖረው። አንጥረኛው የቆሸሸውን ናስ አየ፣ የተቆረጠውን ከንፈር አየ፣ ከዳሱ ውጪ በቅሎ እንደሌለም አየ።

«ለምን አልነገሩኝም፣ አባቴ?»

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«ጠየቁኝ እንጂ አልነገሩኝም።»

አንጥረኛው ሰንጢውን ወደ ጎን ገፋው። «ልክ ነህ፣» አለ። «በቀን አሥር ሰው ይመጣል። ሁሉም የሚመርጠው እዚህ ቆሞ ነው፤ ጥላ ሥር፣ በልቶ፣ ሁለት እጁን አወዛውዞ። ድሮ ድሮ እጮህባቸው ነበር። አሁን አንድ ጊዜ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ይደክመኛል። ሁለተኛ ብጠይቅህ ኖሮ ምናልባት ትሰማኝ ነበር። እኔም በዚህ ውስጥ አለሁበት።»

ከጎኑ ካለው የቆዳ ቁርጥራጭ መሃል አንድ ዕቃ አንስቶ ዘረጋለት። አሮጌው ሰንጢ ነበር። አዳፍሬ ትቶት ከሄደበት ቀን ጀምሮ አንጥረኛው ቆዳ የሚቆርጠው በእሱ ነበር፤ ካሉት ሁሉ የተሻለው እሱ ነውና።

«አሁን ምን ይሠራልኛል?» አለ አዳፍሬ።

«ዳቦ ይገምስልሃል። ዳቦው እስኪገኝ ደግሞ እኔ ዘንድ ፍም የሚያራግብ ሰው እፈልጋለሁ።»

አዳፍሬ ከአንጥረኛው ጎን ተቀመጠ። እኩለ ቀን ላይ ዳቦ ቀረበ። አዳፍሬ በግራ አውራ ጣቱ ሰንጢውን ገፋ አደረገው፤ ተከፈተ። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጨብጣ ነበር። አንጥረኛው አያት። ልጓም የሌለባት እጅ፣ ልጓም እንደያዘች ቀርታለች።

ወዳጄ ሆይ፣ ዕቃ የምንመርጠው ደህና በሆንን ቀን ነው። ቆመን፣ በልተን፣ ባዶ እጃችንን እያወዛወዝን። ስለዚህ ለጥንካሬያችን የሚመጥነውን እንመርጣለን፣ ሰው ፊት ስናወጣው የሚያኮራንንም። ዕቃው የሚያስፈልገን ቀን ግን ሌላ ቀን ነው። በዚያ ቀን አንዱ እጃችን የምንወደውን ነገር ይዟል፤ የቀረን አንድ እጅ ብቻ ነው፣ እሱም የደከመ። ሰንጢ ብቻ አይደለም፤ ወዳጅም፣ ሥራም፣ የምንኖርበት ልማድም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ያማረ ነው፣ የሚከፈተው ግን ምንም ሳንይዝ በመጣንበት ቀን ብቻ ነው። አንዳንዱ ደግሞ አሮጌና ልል ነው፣ ይሳቅበታል፣ በአውራ ጣት ግን ይከፈታል።

ይህን ያነበብክ ሰው፣ እስኪ ኪስህን ዳብስ። በክፉ ቀን እተማመንበታለሁ ብለህ የያዝከው ነገር በስንት እጅ ይከፈታል?