አህያ በታንኳ የሄደበት ቅዳሜ

አንድ ጊዜ፣ ወንዝና ባሕር በሚገናኙበት የቆላ አገር የሚኖሩ አራዊት ቅዳሜና እሑድን በታንኳ መንሸራሸር ልማድ አድርገው ነበር። ከርከሮው ከነቤተሰቡ፣ ጦጣዋ ከነጎረቤቶቿ፣ ሁሉም በየታንኳው ሆኖ ከባሕሩ ዳርቻ ይነሣና ወንዙን ሽቅብ ይቀዝፋል፤ ሲመሽም ደክሞትና ደስ ብሎት ይመለሳል። ያ ወንዝ እንደ ደጋ ወንዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ አልነበረም። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ሽቅብ ይወጣና ዳርና ዳሩን ያጥለቀልቃል፤ ባሕሩ ሲጎድል ደግሞ ውሃው ይሸሽና ወለሉ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ይህም በየቀኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ይሆናል።

በዚያ አገር ታንኳ ላይ ወጥቶ የማያውቅ አንድ አህያ ብቻ ነበር። ይህ አህያ ጨው ሊጭን ከደጋ ወርዶ በዚያው የቀረ ሲሆን፣ በዐሥራ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኑ ያልተሸከመው ነገር አልነበረም። እህል ተሸክሟል፣ ጨው ተሸክሟል፣ እንጨት ተሸክሟል፤ አንድ ጊዜም የታመመ በግ ከነእረኛው ተሸክሟል። እሱን ግን የተሸከመው አንድም ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከርከሮው እግሩን አጣጥፎ በታንኳ ሲያልፍ ባየ ቁጥር፣ «እኔስ አንድ ቀን ተቀምጬ የምሄድ አይመስላችሁምን?» ይላል። የሰሙት ሁሉ ይስቃሉ።

አንድ ቅዳሜ ጧት እመት ቀበሮ አያ ጅቦን አስከትላ ወደ አህያው መጣች።

«ጌታው፣ እንደምን አደርክ?» አለችው።

አህያው ጌታው ተብሎ ተጠርቶ ስለማያውቅ፣ ከኋላው ማን እንደ ቆመ ለማየት ዞረ። ማንም አልነበረም።

«እግዜር ይመስገን» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«ዛሬ ከእኛ ጋር በታንኳ ትንሸራሸራለህ። ታንኳችን ከወፍራም ግንድ የተፈለፈለ ስለ ሆነ ከጫካው እስከ ባሕሩ ማውረዱ ከብዶናል። ውላችንም ይህ ነው፤ በየብስ አንተ ታንኳውን ትሸከማለህ፣ በውሃ ታንኳው አንተን ይሸከማል።»

«መልካም ውል ነው» አለ አህያው፣ ልቡ እየዘለለ።

«መቀጫ የሌለው ውል ግን አልወድም። ያፈረስከው አንተ እንደ ሆንክ፣ ሥጋህ ለአያ ጅቦ ይሆናል። ያፈረስነው እኛ እንደ ሆንን፣ ታንኳው ያንተ ነው፤ በየብስም ተሸክመን እናወርድልሃለን።»

አያ ጅቦ ምራቁን በድምፅ ዋጠ። «እሺ በል፣ አህዮ! ከሳንባውም ትንሽ ለእመት ቀበሮ...»

«ዝም በል!» አለች ቀበሮ፣ እግሩን ረገጥ አድርጋ። «ስለ ስንቃችን ማውራቱ ነው።»

አህያው ጥቂት አሰበ። በዕድሜው ሙሉ አንድም ጭነት መንገድ ላይ ጥሎ አያውቅም፤ ታዲያ ውል አፍራሽ ተብሎ የሚቀጣበት ምክንያት አልታየውም። እሺ አለ። ቀበሮ ግን ባሕሩ የሚጎድልበትን ሰዓት አጣርታ፣ ከቤቷ የወጣችው በዚያ ልክ ነበር።

አህያው ታንኳውን ተሸክሞ አወረደ። ከዚያም ከመካከል ገብቶ አራት እግሮቹን አጣጠፈ፤ ጀርባውንም እንደ ሹም አቃና። አያ ጅቦ ይቀዝፋል፤ እመት ቀበሮ ከፊት ሆና መንገድ ታሳያለች። ውሃው ከታች ሲያንሸራትተው፣ አህያው ምንም ሳይራመድ ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ አየ። ዐይኑ እንባ አቀረረ።

ከርከሮው ከነቤተሰቡ በአጠገባቸው አለፈ። «አህዮ! አንተ ነህ እንዴ?»

«ተቀምጬ ስላለፍኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ አህያው በትሕትና። ይህን ለመናገር ዐሥራ ሁለት ዓመት ጠብቋል።

አያ ጅቦ ገና ከባሕሩ ዳርቻ ሳይርቁ የሁለት ቀኑን ስንቅ ጨርሶ፣ የስንቁን ከረጢት ያኝክ ጀመር። ደጋግሞም ወደ ቀበሮ ጆሮ እያዘነበለ፣ «መቼ ነው የሚደርቀው?» ይላል።

«ምኑ ነው የሚደርቀው?» ብሎ አህያው ጠየቀ።

«ላቡ» አለች ቀበሮ። «መቅዘፍ አላበው።»

ቀትር ላይ ውሃው እየሳሳ ሄደ። ታንኳው አንድ ጊዜ ተንገጫገጨ፣ ሁለተኛም ተንገጫገጨ፣ ከዚያ ቆመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዙሪያቸው ሁሉ የሚያብረቀርቅ ጭቃ ሆነ።

እመት ቀበሮ በዝግታ አዛጋች። «እንግዲህ ጌታው፣ ከየብስ ደርሰናል። ውረድና ታንኳውን ተሸከም። እኛ ከላዩ ሆነን እንጠብቅሃለን።»

አህያው አንገቱን አውጥቶ ተመለከተ። ጭቃው አሁንም ይንፎለፎላል፤ እንኳን ታንኳ ተሸክሞ፣ ባዶውንም ቢገባበት ይውጠዋል። ከዳር ያሉትን ዛፎች ደግሞ አስተዋለ። ከጆሮው ከፍ ብሎ፣ በግንዳቸው ላይ ገና ያልደረቀ የውሃ ምልክት ነበር። የጨው ጆንያ እርጥበት የት ድረስ እንደ ነካው ሲመረምር የኖረ ተሸካሚ ነውና፣ የምልክቱን ትርጉም ለመረዳት አልዘገየም።

«ይህ የብስ አይደለም» አለ። «የውሃ ቤት ነው። ባለቤቱ ለጊዜው ወጣ ቢል፣ ቤቱ የሌላ አይሆንም።»

«ተመልከት እንግዲህ!» ብላ ቀበሮ ከታንኳው ወረደች። ቀላል ስለ ነበረች ጭቃው ቻላት። «ቆሜበታለሁ፤ የብስ ባይሆን እቆምበት ነበርን? አሻፈረኝ ብሏል፣ ውል አፍርሷል። አያ ጅቦ፣ ድርሻህን ውሰድ!»

አያ ጅቦ ከደስታው ብዛት ዘሎ ወረደና እስከ ሆዱ ተቀበረ። እንደ ምንም ተንፈራግጦ፣ አፉን ከፍቶ ወደ አህያው ሲንጠራራ፣ አህያው ያለ የሌለ ድምፁን አውጥቶ ጮኸ።

«በአንበሳ አምላክ!»

ጅቡም ቀበሮዋም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። በዚያ አገር ሕግ፣ በአንበሳ አምላክ የተባለ ባላጋራ ዳኛ መጥቶ እስኪፈርድ ድረስ ከቆመበት ስንዝር አይነቃነቅም፤ እግሩን ያነሣ ሙግቱን ተረታ።

ጩኸቱን የሰማ ሻላ የሚባል ትልቅ የውሃ ወፍ፣ ከሩቅ የአሸዋ ክምር ላይ በርሮ መጣ። በዚያ ወንዝ የታወቀ ዳኛ ነበርና በታንኳው አፍንጫ ላይ ዐርፎ ክንፉን አስተካከለ።

«ከሳሽ ይናገር» አለ።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ነገሬን ከአያቴ ብጀምር ይፈቀድልኛልን?» አለ አህያው።

«ጀምር። ምን አስቸኮለን?»

«እኔን ያስቸኩለኛል!» አለች ቀበሮ።

«የመናገር ተራሽ አይደለም።»

አህያውም ጀመረ። አያቱ የት እንደ ተወለደ፣ ስንት ዓመት ጨው እንደ ጫነ፣ አባቱ በየትኛው ዳገት እንደ ደከመ፣ አንዱንም ሳያስቀር ተረከ። ስለ እናቱ ደግነት ገና መናገር ሲጀምር አያ ጅቦ ተቁነጠነጠ።

«እመት ቀበሮ፣ የብሱ ጅራቴን አረጠበው።»

«የብስ ነው፤ ዝም በል።»

አህያው ወደ አጎቶቹ ተሻገረ። አጎቶቹ ሰባት ነበሩ።

«እመት ቀበሮ፣ የብሱ ጀርባዬ ላይ ወጣ።»

«ጤዛ ነው!» አለች ቀበሮ። እሷም ግን ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር፤ ውሃ ነው ብትል ሙግቱ ያልቃል፣ እግሯን ብታነሣም ሙግቱ ያልቃል።

በዚህ መካከል ዳኛው ድንገት አንገቱን ዘርግቶ ከቀበሮዋ ጉያ አንድ ወፍራም ዓሣ መነጠቀና ዋጠው። «ይቅርታ፣ ቀጥል» አለ አህያውን።

«እመት ቀበሮ» አለ አያ ጅቦ፣ አገጩን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ «የብሱ አፌ ገባ። ጨው ጨው ይላል።»

«አፍህን ዝጋ! የብስ... የብስ ነው...» የቀረውን ቃል ከነአረፋው ዋጠችው። ከዚያ በኋላ ጆሮዎቿ ብቻ ታዩ። እንደገና ብቅ ስትልም፣ «ውሃ ነው! ኧረ ውሃ ነው! አውጡኝ!» ብላ ጮኸች።

«በገዛ አፏ መሰከረች» አለ ሻላ። «ውሃ ከሆነ፣ ተሸካሚው ታንኳው እንጂ አህያው አልነበረም። በውሃ ቦታ ተሸከም ብላችሁ ውሉን ያፈረሳችሁ እናንተ ናችሁ። ታንኳው የአህያው ነው።» ይህን ፈርዶ፣ ሌላ ዓሣ ሸቶት ሄደ።

ታንኳው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ተንሳፈፈ። አያ ጅቦ ከጭቃው ለመላቀቅ እየታገለ፣ «ጌታዬ አህያ! አባቴ አህያ! ለሞት አትተወኝ!» ይላል። አህያው ዞሮ አየው። እሱን ሊበላ የመጣ ነውና ጥሎት ቢሄድ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ነገር ግን መቅዘፊያውን በጥርሱ ይዞ ዘረጋለትና ጎትቶ አወጣው፤ ቀበሮዋንም በጅራቱ አንጠለጠላት። ሁለቱ ከታንኳው ኋላ ተንጠልጥለው በእግራቸው እየገፉ ስለ መጡ፣ መመለሻው ከመሄጃው ይልቅ ፈጠነ።

በማግሥቱ እሑድ ከርከሮው ከነቤተሰቡ ወደ ባሕሩ ሲወርድ፣ ከጫካው አንድ ታንኳ ስምንት እግር አውጥቶ ሲመጣ አየና ደነገጠ። ቀረብ ሲል ከሥሩ አያ ጅቦና እመት ቀበሮ እያለከለኩ ነበር።

«ቀስ ብላችሁ አውርዱ» ይላል አህያው፣ ከፊት ከፊት እየተራመደ። «ጠርዙን እንዳትቧጭሩብኝ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላውን ለማጥመድ ብሎ በሐሰት ላይ የቆመ ሰው፣ እውነቱ እስከ አንገቱ ሲደርስበት እንኳ ያለ ኀፍረት እግሩን ሊያነሣ እንደማይችል ነው።