አንበሳው ያላገሳው አዋጅ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ትሉኛላችሁ፤ የዛሬው ግን የአንበሳ ዋሻ ነው።

ክረምቱ ቢበረታ ከጅቦች በቀር አራዊቱ ሁሉ አያ አንበሶ ዋሻ ተጠለሉ። ቀበሮም ትንባሆ እየለኮሰ ያድላቸው ጀመር። የመጀመሪያው ቅጠል በነጻ ነበር፤ ቀጥሎ ግን በሥጋ ሆነ። ለአያ አንበሶ ብቻ ሁልጊዜ በነጻ ነው፤ ያውም ከሙዳ ሥጋ ጋር።

የሚዳቋ ግልገል ስትስል ሰንብታ ደም ብትተፋ፣ ንብ መጥታ አንበሳው ፊት አረፈች።

«ጌታዬ፣ በዋሻው ውስጥ ጭስ ይቅር ብለው ያውጁልን። ማር ቆራጭ ከእጁ በፊት የሚልክብን ጭሱን ነው። አንዴ ከደነዘዝን መናደፍ ያቅተናል።»

«ጭሱ ያሞቃል» አለ ቀበሮ። «የጠላ ይውጣ፤ ደጁ ሰፊ ነው።»

ደጁ ላይ ዝናብና ጅቦች ነበሩ። ማንም አልተነቃነቀም።

አያ አንበሶ አፉ ውስጥ ያለውን ሥጋ ዋጠና «ክረምቱ ይውጣና እናየዋለን» አለ።

ክረምቱ ሳይወጣ ግልገሏ ሞተች። እናቷ ሬሳዋን አምጥታ አንበሳው እግር ሥር አኖረችው። ቀበሮ ሥጋ ይዞ ጠጋ ቢል አያ አንበሶ ፊቱን አዞረበት። በዚያ አገር አዋጅ የሚጸናው አንበሳ ሲያገሳ ነውና፣ ተነሥቶ ዋሻው አፍ ላይ ቆመ፤ ደረቱን ነፋ፤ አፉን ከፈተ።

የወጣው ሳል ብቻ ነበር።

ውስጥ ያሉት ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ደጅ ያሉት ጅቦች ግን ተያዩና ቀረብ አሉ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ከማበሳችሁ በፊት ግን ያቺን ሲጋራ አጥፉልኝ።